የስልቻው አፍ
ኸሽም ኤል ቂርባ በዓረብኛ «የውሃ ስልቻ አፍ» ማለት ነው። ስሙ ለከተማዋ ልክ ነው። የአትባራ ወንዝ ከጎንደር ደጋ ወርዶ፣ ሰቲት የሚባለውን የእኛን ተከዜ ተቀብሎ እዚህ ይደርሳል።

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ዋዲ ሃልፋን ሊያሰጥም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. 50 ሺህ ያህል ኑቢያውያን ቀያቸውን ለቀው በዚህ ግድብ ውሃ ወደሚለማው አዲስ ሃልፋ መጡ። ጥጥ፣ ስንዴና ለውዝ ዘሩ።

ወንዙ ግን ውሃ ብቻ አያመጣም፤ የደጋችንን አፈርም ጠርጎ ያወርዳል። ግድቡ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ግማሽ ያህሉን ቦታ ደለል ወስዶታል።

እኛ ነጋዴዎች እዚህ እንግዳ ነን እንላለን። ውሃውም አፈሩም ግን ከአገራችን የወረደ ነው። ደጋው ላይ እርከን ሲሠራ የእዚህም ገበሬ ይተርፋል። ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው።