«ሺፍቲንግ» ከየት መጣ? የኒው ዮርኩ «ኢትዮጵያዊ» እና የልጆቻችን መኝታ ቤት

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሰሞኑን አንዳንድ ወላጆች በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ጻፉልኝ። «ልጄ ሺፍቲንግ ሺፍቲንግ ትላለች፣ ሌሊት አትተኛም። ሃይማኖት ነው? በሽታ ነው? ወይስ ጋኔን?» የሚል። ኤርፖርት ተራ ይዤ በምጠብቅበት ሰዓት ማንበብ ልማዴ ነውና ገባሁበት። መጨረሻው የእኛን ሀገር ስም የያዘ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ሙሉ ስሙ ሪያሊቲ ሺፍቲንግ ነው። የሚያምኑበት እንዲህ ይላሉ፦ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዓለማት አሉ፤ አእምሮህን ካሠለጠንክ ከዚህኛው ወጥተህ ወደመረጥከው ትገባለህ። ልጆቹ የሚሄዱበትን ዓለም አስቀድመው ይጽፉታል፤ መልካቸውን፣ ቤታቸውን፣ የሚወዳቸውን ሰው ሳይቀር። ጽሑፉን «ስክሪፕት» ይሉታል። ከዚያ ሌሊት ተጋድመው፣ እየቆጠሩ፣ «እዚያ ነኝ» እያሉ እንቅልፍና ንቃት ድንበር ላይ ይቆያሉ። በ2020 ኮሮና ቤት ሲዘጋብን ቲክቶክ ላይ ገነነ። ብዙዎቹ መሄድ የፈለጉት ወደ ሃሪ ፖተር ትምህርት ቤት፣ ወደ ሆግዋርትስ ነበር። የራሱ ትምህርት ቤት ለተዘጋበት፣ ጓደኛ ለናፈቀው ልጅ ይሄ ምኞት ብዙም አይገርምም።

ግን ሐሳቡን ቲክቶክ አልፈጠረውም። ዛሬ በእነዚህ መንደሮች እንደ መምህር የሚጠቀሰው ኔቪል ጎዳርድ የሚባል ሰው ነው። በ1905 ባርቤዶስ ተወለደ፤ በ17 ዓመቱ ትወና ሊማር ኒው ዮርክ ገባ፤ በኋላ መድረኩን ትቶ ሰባኪ ሆነ፤ በ1972 አረፈ። ትምህርቱ ባጭሩ፦ የምትመኘውን እንደተፈጸመ አድርገህ በስሜት ኑርበት፣ በዚያው ስሜት ተኛ፣ ዓለም ይከተልሃል። የዛሬዎቹ ልጆች የአተኛኘት ዘዴ አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ማን አስተማረህ ሲባል ኔቪል የሚመልሰው ነው እኔን ቀጥ ያደረገኝ። አብዱላህ የሚባል፣ ኒው ዮርክ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጥቁር አይሁድ ነው ያስተማረኝ ይል ነበር። ይህ ሰው ማን እንደነበር በሰነድ አልተረጋገጠም። ጊዜውን ግን አስቡት። 1930 የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዜና ዓለምን ያዳረሰበት ዓመት ነው። በሃርለም «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ራሱ ክብርና ምሥጢር ነበረው። ሰው ትምህርቱን ከባድ ማድረግ ሲፈልግ በእኛ ስም ይምል ነበር ማለት ይቻላል።

ኔቪል ደጋግሞ የሚናገረው ታሪክ አለ። በ1933 ክረምት ባርቤዶስ ቤተሰቡን ማየት ፈለገ፤ ገንዘብ አልነበረውም። አብዱላህ «አሁኑኑ ባርቤዶስ ነህ» አለው፤ እዚያ እንዳለ እያሰበ እንዲተኛ አዘዘው። ከሳምንታት በኋላ ወንድሙ የመርከብ መሳፈሪያ ላከለትና ሄደ። ተከታዮቹ ይህን የሐሳብ ኃይል ማስረጃ ያደርጉታል። እኔ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው፤ የከፈለው ወንድሙ ነው፣ የወሰደው መርከብ ነው። ውጭ ሀገር የምንኖር ሰዎች ይህን ለማወቅ ፈላስፋ አያስፈልገንም። ስንቶቻችን ነን ወንድም ወይም እህት በላከልን ትኬት የወጣነው!

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ የባርቤዶስ ልጅ ነበር። አርኖልድ ፎርድ ይባላል፤ የሙዚቃ ሰው፣ የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ፣ በኋላም የሃርለም ጥቁር አይሁዶች ረቢ። አንዳንድ ጸሐፊዎች አብዱላህ እሱ ይሆን ብለው ገምተዋል፤ ግን ኔቪል ተማርኩ በሚልበት ጊዜ ፎርድ ኒው ዮርክ አልነበረም። በ1930 ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። በ1935 ጣልያን ልትወር ጥቂት ሲቀራት እዚያው አረፈ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ ግን እዚያው ቀርታ ልጆቿን አሳደገች፤ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን ያቋቋመችውም እሷ ናት። ልጃቸው ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ እዚሁ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

ሁለቱን አወዳድሩ። አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ያለውን መምህር ስም ይዞ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ዓለም እንዲቀይር ሰበከ። ሌላው ተነሥቶ ሄደ፤ ሕልሙ ትምህርት ቤት ሆኖ ቀረ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1958 ሮበርት ሞንሮ የሚባል የሬዲዮ ነጋዴ ከሥጋዬ እወጣለሁ ማለት ጀመረ፤ በ1971 መጽሐፍ አሳተመ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከሻርለትስቪል በታች ተቋም አለው፤ በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማ ድምፅ አእምሮን ወደ ሌላ ሁኔታ እናስገባለን ይላል። በ1983 አንድ የጦር መኮንን ስለዚሁ ዘዴ ለጦሩ የስለላ ክፍል ግምገማ ጻፈ። ሰነዱ በ2003 ከሲ.አይ.ኤ. ማኅደር ይፋ ሆነ፤ ልጆቹም ቲክቶክ ላይ «ሲ.አይ.ኤ. አረጋግጦታል» ይላሉ። ወላጆች፣ ይህን ስትሰሙ እንዲህ በሏቸው፦ መንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ መገኘትና እውነት መሆን ይለያያሉ። የአንድ መኮንን አስተያየት ነው።

የዚህ ዓይነት እምነት እስከ መጨረሻው ሲሄድ ምን እንደሚመስል በ1997 አሜሪካ አይታለች። «የሰማይ በር» የተባለ ቡድን ነበር። ሳንዲያጎ አካባቢ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በኅብረት ይኖሩ ነበር፤ ኑሯቸውንም የሚደጉሙት ድረ ገጽ በመሥራት ነበር። ከኮሜት ኋላ የሚመጣ መንኮራኩር ወደ ከፍተኛ ዓለም ይወስደናል ብለው 39 ሰዎች በአንድ ላይ ሕይወታቸውን አጠፉ። በእነሱ ቋንቋ ግን ይህ ሞት አልነበረም፣ መሻገር ነበር። ሥጋቸውን «ተሽከርካሪ» ይሉት ነበር። እኔ ሹፌር ነኝ፤ መኪና ሲያረጅ ይቀየራል፣ የዚህኛው ግን ምትክ የለውም።

ሺፍቲንግ የሚሞክር ልጅ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። ማለም በሽታ አይደለም። ኤሊ ሶመር የሚባሉ የእስራኤል የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው በ2021 ስለ ሺፍቲንግ ሲጽፉም ልጆቹን እብድ አላሏቸውም። ግን እኚሁ ሰው በ2002 ከራሳቸው ታካሚዎች ተነሥተው አንድ ነገር ስም ሰጥተውታል፤ የቀን ሕልሙ ከትምህርት፣ ከሥራና ከሰው የሚነጥል ሲሆን ጎጂ ነው ብለው። መለኪያው ይሄ ነው፤ ሕልሙ ኑሮውን በላው ወይስ አልበላውም?

እኔ ካነበብኩት አደጋው በሦስት በር ይገባል።

አንደኛው እንቅልፍ ነው። ሰውነት ሲነዝር፣ ስትንሳፈፍ፣ ብርሃን ሲታይህ «ልትሻገር ነው» ይሉሃል። እናቶቻችን ዱካክ የሚሉት መንቀሳቀስ የሚያቅትበት ሁኔታም የሚመጣው በዚያው ድንበር ላይ ነው። አእምሮ ሲያንቀላፋ የሚያደርገው ተራ ነገር ነው። በየሌሊቱ ይህን እየጠበቀ የሚያነጋ ልጅ ግን ቀኑን ያጣል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ጭንቀትንና ድብርትን ያባብሳል፤ ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ የሆነውን ይበልጥ ያናጋዋል።

ሁለተኛው፣ ይህ ዓለም ራሱ የውሸት መምሰል ይጀምራል። እናትና አባት «በአሁኑ ዓለም ያሉ ሰዎች» ይሆናሉ። ከራስ መነጠል፣ ሁሉም ነገር ፊልም መምሰል ሐኪም የሚያውቀው ምልክት ነው።

ሦስተኛው ጥፋተኝነት ነው። አልሆነልህም? «ስለተጠራጠርክ ነው» ይባላል። ይህ ትምህርት ከኔቪል ጀምሮ የሚደርስብህ ሁሉ ከሐሳብህ ነው ይላል። ወላጁ የሞተበት ወይም የተደፈረ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አስቡት። መድኃኒት የሚሸጠው ሰው መድኃኒቱ ባለመሥራቱ ታማሚውን ይወቅሳል።

የእኛ አባቶች በዚህ ጥንቁቆች ነበሩ። ገዳም የገባ ሰው ራእይ አየሁ ቢል ቶሎ አይታመንም፤ ለአባቱ ይነግራል፣ ይመረመራል፣ ጸጥ ብሎ ሥራውን እንዲሠራ ይታዘዛል። በስልክ የሚሰበከው ግን ከኋላው አባት የለውም፤ ያለው ቁጥር የሚቆጥር ማሽን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ አትሳቁ፣ አትቆጡም። «እዚያ ዓለም ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስክሪፕቱ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ እዚህ የጎደለው ነው። ጓደኛ አለ? የማይጣላ ቤት አለ? አክሰንቱን የማይስቁበት ትምህርት ቤት አለ? እኛ በቀን 14 ሰዓት እየነዳን ቤት ስንገባ ልጆቹ ተኝተው ይቆዩናል፤ ያጡት አንዳንዴ እኛን ነው።

ሁለተኛ፣ ጸበሉንም ጸሎቱንም ተዉ አላልኩም፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብና ትምህርት ከተተወ፣ የሌለ ድምፅ ከተሰማ ጊዜ አትስጡ። ሦስተኛ፣ ልጁ «ከዚህ ዓለም ለዘለዓለም መሄድ እፈልጋለሁ» ካለ ቃሉን እንደ ጨዋታ አትለፉት። «ራስህን መጉዳት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ ሌላ ሀገር ያላችሁ የየሀገራችሁን የድንገተኛ ቁጥር ያዙ።

ልጅ ያለው ወዳጅ ካላችሁ አጋሩለት። ልምድ ያላችሁ ደግሞ የልጃችሁን ስም ሳትጠቅሱ ከታች ጻፉ፤ ለሌላው ይጠቅማል።

ቸር እንሰንብት።