ቤገር ማይ ኔበር (የካርታ ጨዋታ)

ቤገር ማይ ኔበር በእንግሊዝ አገር የታወቀ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዎች የሚደረግ የካርታ ጨዋታ ነው። ስሙ በግርድፉ «ጎረቤትን ማደኽየት» ማለት ሲሆን፣ ዓላማውም የባላጋራን ካርታ በሙሉ ወስዶ ባዶ እጁን ማስቀረት ነው። አሸናፊው የሚለየው በዕድል ብቻ ነው፤ ካርታው ከታደለ በኋላ ተጫዋቾች የሚመርጡት ነገር የለም። ስለዚህ እስከ አራት መቁጠር የቻለ ሕፃን ከአዋቂ ጋር እኩል ይጫወታል።

አጨዋወት

52ቱ ካርታ ያለ ጆከር ይበወዝና ለሁለቱ ተጫዋቾች 26፣ 26 ይታደላል። እያንዳንዱ ድርሻውን ሳያይ ደፍቶ ከፊቱ ይከምራል። ከዚያ በየተራ ከክምራቸው አናት ላይ አንዳንድ ካርታ እየገለጡ መሐል ላይ ይጥላሉ። ከ2 እስከ 10 ያሉት ተራ ካርታዎች ናቸው፤ ሲጣሉ ተራው ያልፋል እንጂ ሌላ ነገር አይከሰትም። የካርታው ቀለምና ምልክት በዚህ ጨዋታ ዋጋ የለውም።

የሚያስከፍሉት የቀሩት 16 ካርታዎች ናቸው። አስ ሲጣል ባላጋራው 4 ካርታ ይከፍላል፤ ንጉሥ ሲጣል 3፣ ንግሥት ስትጣል 2፣ ጃክ ሲጣል 1። ከፋዩ ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ መሐል ላይ ይጥላል። ሁሉም ተራ ከሆኑ አስከፋዩ የመሐሉን ክምር አንሥቶ፣ እንዳለ ገልብጦ ከራሱ ክምር ሥር ያስገባና ቀጣዩን ዙር ይጀምራል። በክፍያው መካከል ከ16ቱ አንዱ ብቅ ካለ ግን ክፍያው እዚያው ይቆማል፤ ዕዳውም ወደ ሌላው ይዞራል። ለምሳሌ አልማዝ ንጉሥ ብትጥል ከበደ 3 ካርታ መክፈል አለበት። የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው ጃክ ቢሆን ሦስተኛውን አይከፍልም፤ ይልቁንም አልማዝ 1 ካርታ ትከፍላለች። እሱ ተራ ካርታ ከሆነ ክምሩ የከበደ ነው።

ካርታው ያለቀበት ይሸነፋል። የተወሰደውን ክምር መበወዝ ወይም ቅደም ተከተሉን ማዛባት አይፈቀድም። ማጭበርበር የሚቻለውም በዚህ በኩል ስለሆነ ክምር የሚያነሣን እጅ ማየት አይከፋም።

የጃክ ጉልበት

ጀማሪዎች አራት ካርታ የሚያስከፍለው አስ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ክፍያው በበዛ ቁጥር ከፋዩ የመልስ ካርታ የማውጣት ዕድሉ ይሰፋል። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ አንድ ጃክ ቢጣል ከቀሩት 51 ካርታዎች 36ቱ ተራ ናቸው። ስለዚህ ጃክ መልስ ሳይሰጠው ክምሩን የማስገኘት ዕድሉ 71 በመቶ ገደማ ነው። በዚሁ ስሌት የንግሥት 49፣ የንጉሥ 34፣ የአስ ደግሞ 24 በመቶ ገደማ ነው።

የማያልቅ ጨዋታ

ከእደላው በኋላ ሁሉ ነገር የተወሰነ ስለሆነ ጨዋታውን አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊጫወተው ይችላል። ከዚህም አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ተነሣ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ከዚህ ቀደም ወደነበሩበት ድርድር እየተመለሱ ለዘላለም የሚሽከረከሩበት እደላ ይኖር ይሆን? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ ጥያቄውን ካነሡት አንዱ ነው። ተራዎቹን ካርታዎች አንድ ዓይነት አድርገን ብንቆጥር እንኳ የተለያዩት እደላዎች ከ650 ቢሊዮን ቢሊዮን ስለሚበልጡ ሁሉንም እየሞከሩ መጨረስ የሚታሰብ አልነበረም። በ2024 እ.ኤ.አ. ብሬደን ካሴላ እንዲህ ያለ እደላ አገኘ፤ ለብዙ ዓመታት የቆየው ጥያቄም ተመለሰ። በተግባር የሚደረጉ ጨዋታዎች ግን፣ አንዳንዴ ቢያሰለቹም፣ ያልቃሉ።

በሥነ ጽሑፍ

ቻርልስ ዲክንስ በ1861 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ ድሃው ፒፕ ከኩሩዋ ኤስቴላ ጋር ይህን ጨዋታ ይጫወታል። ፒፕ የሚያውቀው የካርታ ጨዋታ ይህ ብቻ ነው። ኤስቴላ ካርታውን አራግፋ ከመውሰዷ በፊት ግን በአነጋገሩ ታፌዝበታለች፤ በዚያ ዘመን ጨዋ የሚባሉት ሰዎች «ኔቭ» የሚሉትን ካርታ እሱ «ጃክ» ብሎ ስለጠራው ነበር።