ማኅደሩ የሚከፈትበት ጊዜ፦ የዳላስና ፎርት ወርዝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ለጤና ሙያ የሚያደርጉት ዝግጅት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለጤና ሙያ ሲያዘጋጁ የሚገጥማቸውን የጊዜ ክፍተት ይመረምራል። መከራከሪያው ይህ ነው፦ ቤተሰቡ የጎደለው ትጋት ሳይሆን በወቅቱ የሚደርስ መረጃ ነው። የቴክሳስ ሥርዓት ተማሪውን መመዘን የሚጀምረው ወላጅ ከሚገምተው ብዙ ቀድሞ ነውና።

1. ሁለት ሥርዓቶች

በኢትዮጵያ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ዕጣው ለረጅም ዘመን በማትሪክ ይወሰን ነበር። ውጤት የመጣለት ጎንደር፣ ጅማ ወይም ጥቁር አንበሳ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ተምሮ መጨረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ቢቀበልም በሕዝቡ ዘንድ የጸናው ግንዛቤ የቀድሞው ነው። ወላጅ «ዋናው ፈተናውን ማለፍ ነው» የሚለው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ሕክምና፣ ጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲና ፊዚዮቴራፒ በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከበርካታ የኮሌጅ ዓመታት በኋላ የሚገባባቸው ሙያዎች ናቸው። ኤምካት የተባለው የሕክምና መግቢያ ፈተና ከ472 እስከ 528 የሚመዘን ከባድ ፈተና ቢሆንም ብቻውን አይወስንም። የኮሌጅ ውጤት፣ የመምህራን ምስክርነት፣ ከሕመምተኛ ጋር ያሳለፉት ጊዜና በራስ የሚጻፍ መግለጫ አብረው በአንድ ማኅደር ይቀርባሉ።

አካባቢው በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ዳላስ ውስጥ ዩቲ ሳውዝዌስተርንና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ፣ ፎርት ወርዝ ውስጥ ደግሞ በ1970 የተመሠረተው የቴክሳስ ኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ኮሌጅና በ2019 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የቲሲዩ የሕክምና ትምህርት ቤት ይገኛሉ።

2. ማኅደሩ መቼ ይከፈታል?

ለአብዛኞቹ የቴክሳስ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀርበው በአንድ የጋራ ተቋም በኩል ነው። ተቋሙ ተማሪው የወሰዳቸውን የኮሌጅ ኮርሶች በሙሉ ይቆጥራል። የተደገመ ኮርስ የፊተኛው ውጤት አይሰረዝም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳሉ በዱዋል ክሬዲት (ለሁለተኛ ደረጃም ለኮሌጅም በሚቆጠር ትምህርት) የተወሰዱ ኮርሶችም ይገባሉ። ጋርላንድ ወይም ፕሌኖ ያለች የ16 ዓመት ልጅ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ስትመዘገብ የሕክምና ትምህርት ቤት ማኅደሯ ያን ዕለት ተከፈተ ማለት ነው፤ ይህን የሚነግራት ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ማመልከቻው በሜይ ይከፈታል፤ ሳያቋርጥ የሚገባ ተማሪ የሚያመለክተው ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው በአራት ሳይሆን በሦስት ዓመት ሥራው ነው። ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ 30 ክሬዲቶች 2.5 አምጥቶ በቀጣዮቹ 60 ክሬዲቶች 3.8 ቢያመጣ የሚያመለክትበት አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) 3.37 ነው። መጀመሪያ ላይ 3.5 አምጥቶ ቢሆን ኖሮ 3.70 ይዞ ይቀርብ ነበር። የኋለኛው ትጋት እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የተፈጠረው ገና ምክር ባልደረሰበት ዓመት ነው።

በአንጻሩ ዘግይተው ለሚመለሱ ሰዎች ቴክሳስ የከፈተችው በር አለ። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያለፈውን የኮሌጅ ውጤት አለመቁጠርን የሚፈቅድ የክልሉ ሕግ አለ። ይሁን እንጂ ጥሩውን አስቀርቶ መጥፎውን መጣል አይቻልም፤ የሚተወው ሁሉም ነው።

3. ሥራም ዝግጅት ነው

ብዙ ወጣቶቻችን እየተማሩ ይሠራሉ። የነርስ ረዳት ለመሆን ቴክሳስ የ100 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፤ ከዚያ በኋላ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ሌሊት የቤተሰብ ድጎማ ብቻ ሳይሆን በሙያው የሚቆጠር ልምድ ነው። በተለይ የፊዚሺያን አሲስታንት ትምህርት ቤቶች ይህን ሰዓት አጥብቀው ያያሉ። አዲስ አበባ ተወልዶ ሕክምና መማር የጀመረው ደራሲና ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ አብዮቱ ትምህርቱን ሲያቋርጥበት አሜሪካ መጥቶ በረዳትነት ሕመምተኞችን ያነሣና ያጥብ ነበር። ያ ጊዜ ወደ ሕክምና እንዲመለስ አጸናው እንጂ አላራቀውም።

ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የአለቃው ስም በየሳምንቱ ካልተመዘገበ ከሦስት ዓመት በኋላ ማስታወስ ይከብዳል። የሥራው ሰዓት የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ጥናት የሚሻማ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ተመካክሮ ሊቀንሰው ይገባል።

4. ነዋሪነትና ገንዘብ

የቴክሳስ መንግሥታዊ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከክልሉ ውጭ ለሚመጡ ከ10 በመቶ በላይ ቦታ እንዳይሰጡ ሕግ ይገድባቸዋል። ነዋሪ መሆን እንግዲህ ትልቅ ብልጫ ነው። ጃምፕ በመባል የሚታወቀው፣ የቴክሳስ ምክር ቤት በ2001 ያቋቋመው መርሐ ግብር ደግሞ አቅም ለሌላቸው ነዋሪ ተማሪዎች የትምህርት ድጎማና የክረምት ሥልጠና ይሰጣል፤ መስፈርቱን ላሟሉም የሕክምና ትምህርት ቤት ቦታ ያረጋግጣል። የሚያመለክቱት ግን በሁለተኛ ዓመት ነው። በሦስተኛ ዓመት የሰማ አልሰማም ማለት ነው።

የብድሩ ሁኔታም ተለውጧል። በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለሙያ ዲግሪ በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር በላይ ከፌዴራል መንግሥት መበደር አይችልም። ለሌሎች የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች ጣሪያው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። ወጪውን መጨረሻ ላይ ማሰብ ከእንግዲህ አያዋጣም።

5. ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ጉዳዮች በሙሉ አንድ ነገር ያመለክታሉ፤ ምክሩ መድረስ ያለበት ለዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የጤና ሙያ አማካሪዎች አሏቸው፤ ለምሳሌ ዩቲ ዳላስ ለዚሁ የተለየ ማዕከል አለው። ነገር ግን አማካሪው ተማሪውን የሚያገኘው የመጀመሪያው ውጤት ከተመዘገበ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ያለውን ክፍተት መሙላት የሚችሉት ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚገናኙት፣ መንገዱን የሄዱበት ነርሶቻችን፣ ፋርማሲስቶቻችንና ሐኪሞቻችን ናቸው። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ወላጅና ልጅን አብረው አስቀምጠው በአማርኛ ቢያስረዱ፣ የዱዋል ክሬዲቱን ምዝገባና የጃምፕን ቀነ ገደብ ቢያሳዩ ገንዘብ አይጠይቃቸውም። ልጆቻችን ለመልፋት አይሰንፉም፤ ልፋታቸው የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መንገር የእኛ ኃላፊነት ነው።