የሱቅ ኔትወርክን ከአዳማጭና ያለ ፈቃድ ከሚገባ ሰው መጠበቅ

በአንድ ሱቅ፣ ቢሮ ወይም ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን፣ ስልኮችንና ማተሚያዎችን በኬብል ወይም በዋይፋይ የሚያገናኘው መስመር የአካባቢ ኔትወርክ (ላን) ይባላል። እንደ መርካቶ ባለ ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት ገበያ አንዱን መስመር ብዙ ጎረቤት ሊጋራው ይችላል። በመስመሩ የሚያልፈው የደንበኛ ስልክ ቁጥር፣ የዱቤ መዝገብና የባንክ ሒሳብ ግን በባለ ሱቁ እጅ ያለ አማና ነው።

አደጋው ሁለት ነው። አንደኛው ማዳመጥ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ ያለ ሰው መሣሪያውን ራውተር አስመስሎ የሌሎች መረጃ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው ያለ ፈቃድ መግባት ነው፤ የይለፍ ቃሉ ያልተቀየረ ራውተርና ለሁሉም የተጋራ ፎልደር በር ይከፍታሉ።

ሁለቱም በዲናችን የተከለከሉ ናቸው። ሱረቱል ሑጁራት (49፥12) መሰለልን፣ ሱረቱ ኑር (24፥27) ሳያስፈቅዱ የሰው ቤት መግባትን ይከለክላሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ መግባትን በአንቀጽ 3፣ ጠለፋን በአንቀጽ 4 ወንጀል አድርጓል። ይሁንና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ ሰውየውን እንደመከሩት፣ ሰበቡን ማድረስ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

1. የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ይሁን። ሶፍትዌሩንም ያድሱ።

2. ዋይፋዩን በደብሊው.ፒ.ኤ 2 ወይም 3 ይቆልፉ። ደብሊው.ኢ.ፒ የተባለው የቆየ ዘዴ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰበራል።

3. ለደንበኛና ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱ። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ።

4. መስመር ከጎረቤት ጋር ከተጋሩ የሱቅዎን ኮምፒውተሮች ከራስዎ ራውተር ጀርባ ያድርጉ። ማገናኛ ሳጥኑን (ስዊቹን) ይቆልፉበት፤ የማይጠቀሙበትን ሶኬት ያዘጉ።

5. የባንክና የኢሜይል ገጽ ሲከፍቱ ብሮውዘሩ ካስጠነቀቀዎ አይለፉት። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ገጽ መረጃውን ስለሚያመሰጥር፣ አዳማጭ ቢይዘውም ሊያነበው አይችልም።

6. የዱቤ መዝገቡን ቅጂ ከኔትወርኩ ውጭ ያስቀምጡ።

ሰው እንደገባብዎ ከጠረጠሩ መስመሩን ይንቀሉ፤ የይለፍ ቃሎቹን ከሌላ መስመር ሆነው ይቀይሩ፤ ለባንክዎና ለፖሊስ ያሳውቁ። መረጃቸው የወጣባቸውን ደንበኞችም ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ እነሱም ራሳቸውን የሚጠብቁት ሲያውቁ ነው። አማናን መወጣት ይህንንም ይጨምራል።

ወላሁ አዕለም።