የኦክስፎርድ ተማሪዎች ኑሮ በኒው ኮሌጅ ቅጥር ውስጥ

የዊንቸስተር ጳጳስ ዊልያም ኦቭ ዋይከም በ1379 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) በኦክስፎርድ ኒው ኮሌጅን ሲመሠርት፥ ለ70 ተማሪዎች ማደሪያውን፥ ጸሎት ቤቱን፥ የማዕድ አዳራሹንና ቤተ መጻሕፍቱን በአንድ ቅጥር አከማቸላቸው። አስቀድሞ አብዛኛው ተማሪ ከከተማው ሰው ቤት እየተከራየ ይኖር ነበር። ጠቡም የከፋ ነበር፤ በ1355 ዓ.ም. በመጠጥ ቤት የተነሣው አምባጓሮ የብዙ ተማሪዎችን ሕይወት አጥፍቷል። እንግዲህ ቅጥሩ መጠለያ ነበር፤ መቈጣጠሪያም መሆኑ ግን አይካድም። በየክፍሉ ሦስት አራት ሆነው ሲያድሩ፥ በዕድሜ የላቀው የሌሎቹን ጠባይ ይጠብቅ ነበር። ከማዕድ በኋላ በአዳራሹ መዘግየት ክልክል ሲሆን፥ በክረምት በዓላት እሳት ሲነድ ግን ዘፈንና የነገሥታት ታሪክ ይፈቀድ ነበር።

ይህም የጥቂቶች ዕድል ነው። በ1388 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፥ እየለመነ የሚማር ሁሉ ከዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የምስክር ደብዳቤ እንዲይዝ ያዝዛል። የእኛ የቆሎ ተማሪ መታወቂያው ደበሎውና አኩፋዳው ነው።