የአሮጌ መኪና ቋንቋ

አሮጌ ቮልስ ያለው የነቀምቴ ሰው ሞተሩን ሲፈታ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ ይላል። ቃሎቹ የኢጣልያ ናቸው፤ በ1928 ዓ/ም አገራችንን ከያዘው ጠላት ካሚዮኖች ጋራ ተስፋፍተው፥ እርሱ በ1933 ዓ/ም ተሸንፎ ሲወጣ እነርሱ ቀሩ። ዛሬም ኦሮምኛ ተናጋሪው መካኒክና አማርኛ ተናጋሪው ባለመኪና በእነርሱ ይግባባሉ። ይህ ያሳፍራል የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ብረት ፈትቶ የማሰር ዕውቀት ከጠላትም ቢገኝ ምርኮ ነው እላለሁ፤ የሚያሳፍረውስ ለጥቂቱም ብልሽት የሰው እጅ መጠበቅ ነው። ቮልስ በአየር እንጂ በውሃ አትቀዘቅዝምና ከባኮ ወደ ነቀምቴ ስትወጣ ውሃ አትለምንም፤ የማራገቢያዋ ችንጋ ሲበጠስ ግን ዝም ብሎ የሚነዳት ሰው ሞተሯን ያቃጥላል። የዚህች ዓይነት የመጨረሻዋ መኪና በሜክሲኮ በ1995 ዓ/ም ተሠርታለችና፥ እንዲህ ያለው ባለቤት መለዋወጫ ከሞተ መኪና ሲለምን ይኖራል።