በተማሪዎች እጅ ስለ ተሠራ ተማሪ ቤት

ተማሪ ቤት ሲሠራ በብዙ አገር የታወቀው ልማድ ይህ ነው፤ መንግሥት ወይም አንድ ባለጸጋ ገንዘቡን ይሰጣል፥ መሐንዲስ መልኩን ይነድፋል፥ ግንበኛና አናጢ ይሠራሉ፥ ሁሉም ተፈጽሞ ቍልፉ ከተሰጠ በኋላ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ይገባሉ። ባሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፥ ቱስኬጊ በምትባል ትንሽ ከተማ የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጆቹ አስቀድመው ገቡ፥ ቤቱ ከእነርሱ በኋላ መጣ፥ ያመጡትም እነርሱ ራሳቸው ናቸው። የአገራችንን የአብነት ትምህርት የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ብዙ አይደነቅ ይሆናል፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ ራሱ ከድኖ የሚማር ነውና። የቱስኬጊን ነገር ልዩ የሚያደርገው ግን ሥራው ከጎጆ አልፎ እስከ ትልልቅ የጡብ ሕንፃ መድረሱ፥ ይልቁንም የቤቱ ሥራ ራሱ ሒሳብና ጽሕፈት፥ ንድፍና የፍጥረት ዕውቀት መማሪያ እንዲሆን ታስቦ መደረጉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቈጠር የሚያስቀጣ ነገር ነበርና፥ ነፃ የወጣው ሕዝብ ከእንጀራ ቀጥሎ የተራበው ትምህርትን ነበር። በቱስኬጊም ሉዊስ አዳምስ የሚባል፥ በባርነቱ ዘመን የቆርቆሮና የጫማ፥ የፈረስ ዕቃም ሥራ የተማረ ሰው ነበረ። እርሱና ቀድሞ የባሪያ ጌታ የነበረው ነጋዴው ጆርጅ ካምቤል ተባብረው፥ ለጥቁሮች መምህራን የሚያወጣ ተማሪ ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። ቀድሞ ባሪያ የነበረና ቀድሞ ጌታ የነበረ በአንድ አሳብ መቆማቸው ለዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም። የግዛቱም ምክር ቤት ለመምህራን ደመወዝ በዓመት 2000 ዶላር ፈቀደ፤ ለመሬትና ለቤት ግን አንዲት ሳንቲም አልቈረጠም።

ዲሬክቶር የሚሆን ሰው ሲፈለግ በቨርጂኒያ የሐምፕተን ተማሪ ቤት አለቃ የነበረው ጄኔራል አርምስትሮንግ ቡከር ዋሽንግተንን ሰደደ። ዋሽንግተን በባርነት የተወለደ፥ በልጅነቱ በጨው ማፍሊያና በከሰል ጕድጓድ የሠራ፥ በ1872 ወደ ሐምፕተን ሲደርስም የመግቢያ ፈተናው አንድ ክፍል ጠርጎና ወልውሎ ማሳየት የነበረ ሰው ነው። ወደ ቱስኬጊ ሲመጣ ገና 25 ዓመቱ ነበረ። እንዲያስተዳድረው የተሾመበትን ተማሪ ቤት ቢፈልግ ቤት የለም። ስለዚህ በ1881 በጁላይ 4 ቀን 30 ተማሪዎች ሰብስቦ በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረች ደሳሳ ጎጆ ማስተማር ጀመረ። የጎጆይቱ ጣሪያ ያፈስስ ነበርና፥ ዝናብ ሲዘንብ ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ በመምህሩ ራስ ላይ ጃንጥላ እየዘረጋ የቀሩት ትምህርታቸውን ያሰሙ እንደ ነበረ ራሱ ዋሽንግተን ጽፎአል።

ጥቂት ቈይቶ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ የተተወ የእርሻ ቦታ በ500 ዶላር ሊሸጥ ነው ተባለ። መሬቱ 100 ኤከር ነው፤ በአገራችን ልክ አንድ ጋሻ የሚያህል ነው። ዋሽንግተን የዋጋውን እኩሌታ ከሐምፕተን ተማሪ ቤት ገንዘብ ያዥ ተበድሮ ከፈለ። የባለ ርስቱ ትልቅ ቤት ቀድሞ ተቃጥሎ ስለ ነበረ የተረፉት አንዲት ጎጆ፥ ወጥ ቤቱ፥ የፈረስ ጋጣውና የዶሮ ቤቱ ብቻ ነበሩ። ጋጣውና የዶሮው ቤት ተጠርገው የትምህርት ክፍል ሆኑ።

መሬቱን መመንጠር ሲጀመር ተማሪዎቹ ፈቃደኞች አልነበሩም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በየገጠሩ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና፥ ከመጥረቢያ ጋራ መምህርነት ምን አገናኘው ብለው አጕረመረሙ። ወላጆችም ልጆቻችንን የላክነው መጽሐፍ እንዲማሩ ነው እያሉ ይጽፉና ይመጡ ነበር። ይህን ስናነብ በሌላ ሕዝብ ልንስቅ አይገባንም። በኛም አገር ቀጥቃጩና ሸማኔው፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ እንዴት ባለ ስም ሲጠሩ እንደ ኖሩ እናውቃለን፤ ዐፄ ምኒልክም ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓመተ ምሕረት በኛ አቈጣጠር ዐዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ይሁን እንጂ የቱስኬጊ ልጆች ቂም ከኛው የሚለይበት ምክንያት አለው። አባቶቻቸው ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሠሩት ለሌላ ሰው ነው። እስራኤል ከግብፅ ከወጡ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ጭቃ ርገጡ፥ ጡብ አድርቁ ቢላቸው ምን ይመልሱለት ነበር? ዋሽንግተን ግን መጥረቢያውን አንሥቶ ከፊታቸው ወደ ዱሩ ገባ፤ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እንዲሁ እያደረገ 20 ኤከር ያህል ተመነጠረ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሕንፃ ዋጋው 6000 ዶላር ያህል ይሆናል ተብሎ ተገመተ። ገንዘቡ በእጅ አልነበረም። መጋዝ ቤት የነበረው አንድ ነጭ ሰው ገንዘቡ ሲገኝ ትከፍሉኛላችሁ ብሎ ከቃል በቀር መያዣ ሳይቀበል ሳንቃውን ሊሰጥ ፈቀደ። የዲሬክቶሩ ረዳት የነበረችው ኦሊቪያ ዴቪድሰንም አስቀድማ በከተማው ቤት ለቤት እየዞረች ከነጩም ከጥቁሩም ለመነች፥ በኋላም ወደ ሰሜን ሂዳ በየቤተ ክርስቲያኑ ተናገረች። በዚያ ወራት ዕድሜዋ ሰባ ዓመት ያህል የሆነ አንዲት አሮጊት፥ ዘመኗን በባርነት የፈጀች፥ ለልጆቹ ትምህርት ትሁንልኝ ብላ ስድስት እንቍላል ይዛ መጣች። ዋሽንግተን ከዚያ በኋላ ከታላላቅ ባለጸጎች ብዙ ሺህ ዶላር ተቀብሎአል፤ እንደዚያች ስጦታ ልቡን የነካው ግን እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው የጡብ ነገር ነው። በከተማው የጡብ ፋብሪካ አልነበረም፤ ጡብ ግን በገበያም ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ራሳችን እንሥራ ተባለ። ዲሬክቶሩና ተማሪዎቹ ሥራው ቀላል መስሎአቸው ጀመሩ። መጀመሪያ ተስማሚ ጭቃ የሚገኝበትን ቦታ እስኪያገኙ ብዙ ቈፈሩ። ከዚያም እስከ ጕልበት በጭቃ ገብቶ ለሰዓታት መቆም ሆነ፤ በዚህ ምክንያት ተማሪ ቤቱን ትተው የሄዱም አሉ። 25,000 ጡብ ያህል ተሠርቶ፥ ደርቆ፥ እቶን ተሠርቶለት እሳት ተለቀቀበት። አልበሰለም፤ እቶኑ በሚገባ አልተሠራም ነበርና ድካሙ ሁሉ ጠፋ። ሁለተኛ እቶን ተሠራ፤ እርሱም ከንቱ ሆነ። ሦስተኛውን በሐምፕተን የተማሩ መምህራን ተጋግዘው አቆሙት። ጡብ ለመብሰል አንድ ሳምንት ያህል እሳት ይፈልጋል። ሳምንቱም ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶ፥ ብዙ ሺህ ጡብ ሊወጣ ነው ሲባል፥ በእኩለ ሌሊት እቶኑ ፈረሰ።

በዚህን ጊዜ በእጅ የቀረ አንድ ዶላር እንኳ አልነበረም። መምህራኑም ይብቃን አሉ። ዋሽንግተን አንዲት የእጅ ሰዓት ነበረችው፤ ወደ ሞንትጎመሪ ከተማ ሂዶ በመያዣ ሰጥቶ 15 ዶላር ተበደረባትና በዚያ ገንዘብ አራተኛው እቶን ተሠራ። አራተኛው በሰለ። ሰዓቷን ግን የመያዣው ቀጠሮ ስላለፈ ከዚያ በኋላ አላገኛትም። የሚገርመው ጡቡ ከበሰለ በኋላ የተከተለው ነው። ተማሪ ቤቱን በክፉ ዓይን ያዩ የነበሩ ነጮች ጡብ ሊገዙ መጡ፤ ጡብ የሚገዛ ሰው ስለ ጡቡ ይነጋገራል፥ ከተነጋገረም በኋላ ጎረቤቱን ማወቁ አይቀርም።

ወደ ትምህርቱ ነገር እንመለስ። ዋሽንግተን የመጽሐፉን ክፍልና የእጅ ሥራውን ክፍል እንደ ሳንቃ ጥርስ አንዱን በሌላው ውስጥ ማጋጠም ይፈልግ ነበር። የሒሳብና የቋንቋ መምህራን በየጊዜው ወደ አናጢው፥ ወደ ግንበኛውና ወደ ቀጥቃጩ ቤት ወርደው ለትምህርታቸው የሚሆን ጥያቄ ከዚያ እንዲያመጡ አዘዘ። የአንድ ግድግዳ ርዝመትና ቁመት ሲታወቅ ስንት ጡብ፥ ስንት ጕርድ አሸዋና ኖራ እንደሚበላ ማስላት ከመጽሐፍ ከተወሰደ ባዶ ቍጥር ይልቅ ልጁን ይይዘዋል፤ መልሱ ከተሳሳተ ግድግዳው ሳያልቅ ጡቡ ያልቃልና። የድርሰት መምህሩም ልጁን ስለማያውቀው ነገር ከማስጻፍ ይልቅ፥ ትናንት የሠራውን ሥራ ቅደም ተከተሉን ሳያፋልስ ጻፍ ይለዋል። በ1896 የመጣው ጆርጅ ካርቨርም ከዚያው ከአላባማ አፈር ለቤት መቀቢያ የሚሆን ቀለም አውጥቶ አሳይቶአል፤ ጭቃው የጡብ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የኬሚስትሪም ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር ብንል ግን እናታልላለን። ከመጽሐፉ ወገን የሆኑት መምህራን የትምህርታችን ጊዜ በሥራ ተበላ ብለው ያጕረመርሙ ነበር፤ እውነት የላቸውም ማለትም አይቻልም። በ1884 በተጀመረው የማታ ትምህርት የሚከፍሉት የሌላቸው ልጆች ቀን 10 ሰዓት ሠርተው ማታ ሁለት ሰዓት ይማሩ ነበር። አሥር ሰዓት ጭቃ የረገጠ ልጅ በመብራት ፊት ምን ያህል ዓይኑን ገልጦ እንደሚቀመጥ የሞከረ ያውቀዋል።

ለሥራውም ዋና መሐንዲስ የሆነው ሮበርት ቴይለር ነው። በሰሜን ካሮላይና በ1868 የተወለደ፥ አባቱ አናጢ የነበረ፥ በዚያን ጊዜ በቦስተን ከነበረው ከታላቁ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተማሪ ቤት በ1892 ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሁኖ የተመረቀ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ቱስኬጊ መጣና ንድፍ ማስተማርና ሕንፃ መንደፍ ጀመረ። እርሱ የነደፈውን ተማሪው በወረቀት ይገለብጠዋል፥ ሌላው ጡቡን ያበስላል፥ ሌላው ይገነባል፥ ሌላው መስኮቱን ያበጃል። ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠው በ1898 የተፈጸመው ጸሎት ቤት ነው። 1,200,000 ጡብ ገብቶበታል፤ ሁሉንም ተማሪዎች ሠሩት። በዚያ አውራጃ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በዚህ ጸሎት ቤት ነው። በዚህ ዘመን ገደማ በተማሪ ቤቱ ትልቅና ትንሽ 40 ሕንፃ ተቈጥሮ፥ ከአራቱ በቀር ሁሉም ከሞላ ጎደል የተማሪ እጅ ሥራ ነበር። አዲስ የመጣ ልጅ በግድግዳ ላይ በእርሳስ ስሙን ሊጭር ሲል፥ ይህን ግድግዳ እኔ ነኝ ያቆምሁት ብሎ የሚከለክለው የቀድሞ ተማሪ አይጠፋም ነበር።

የዋሽንግተንን አካሄድ የነቀፈ ሰውም ተነሥቶ ነበር፤ ስሙ ዱ ቦይስ ይባላል፥ በሐርቫርድ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘ ጥቁር ሊቅ ነው። በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እጅን ብቻ ማሠልጠንና ስለ መብት ዝም ማለት ሕዝቡን ከዝቅተኛው ወንበር አያስነሣውም ብሎ ተከራከረ። በእርግጥም ቱስኬጊ ጡብ በምትሠራበት ዘመን፥ በ1901፥ አላባማ አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥታ ከጥቁሮች አብዛኞቹን የመምረጥ መብት ነፍጋለች። የቱስኬጊ ምሩቅ ግድግዳ ማቆም ቢችልም ዳኛውን መምረጥ አይችልም ነበር። እኔ በዚህ ነገር ከዱ ቦይስ ጋራ ነኝ፤ ነገር ግን ዱ ቦይስ ራሱ ይህን ክርክር የሚያነብ ሕዝብ እንዲገኝ፥ አንድ ሰው አስቀድሞ ጣሪያው የማያፈስስ ተማሪ ቤት መሥራት ነበረበት።

ሥራው በቱስኬጊ አልቀረም። ከ1912 ጀምሮ የቺካጎው ባለጸጋ ጁልየስ ሮዘንዋልድ ከዋሽንግተን ጋራ ተማክሮ በገጠር ለጥቁር ልጆች ተማሪ ቤት እንዲሠራ ገንዘብ ሰጠ፤ ውሉም የየመንደሩ ሰው ድርሻውን በገንዘብ፥ በእንጨት ወይም በጕልበት እንዲያወጣ ነበር። እስከ 1932 ድረስ በ15 ግዛቶች 5000 የሚጠጋ ተማሪ ቤት ተሠራ፤ ጥቁሮቹ ገበሬዎች ያዋጡትም ከባለጸጋው ስጦታ ይበልጥ እንደ ነበረ ተመዝግቦአል። ቴይለር ደግሞ በ1929 እስከ ላይቤሪያ ተሻግሮ በዚያ ስለሚቆመው የእጅ ሥራ ተማሪ ቤት ምክርና ንድፍ ሰጠ። ለኛም አገር የደረሰ ፍሬ አለ፤ በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የአየር ኀይል የመራው፥ በኋላም ተመልሶ በ1954 በአዲስ አበባ የሞተው ጆን ሮቢንሰን የመኪና ሥራ የተማረው በዚያው በቱስኬጊ ነው።

ዋሽንግተን በኖቬምበር 1915 ሞቶ በዚያው በተማሪ ቤቱ ግቢ ተቀበረ። ቴይለርም ሸምግሎ ከሥራ ካረፈ በኋላ ወደ ቱስኬጊ ሊጠይቅ መጥቶ፥ በዲሴምበር 1942 እርሱ ራሱ በነደፈው ጸሎት ቤት ሲያስቀድስ ሳለ ድንገት ታሞ ሞተ። ያ ጸሎት ቤት በ1957 መብረቅ ወርዶበት ተቃጠለ፤ በቦታው ሌላ ተሠርቶ በ1969 ተመረቀ። ቴይለር ነድፎት ተማሪዎቹ የገነቡት የዋሽንግተን መኖሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ ቆሞአል። በ1974 ተማሪ ቤቱ በአሜሪካ መንግሥት የታሪክ ቦታ ተብሎ ስለ ተመዘገበ፥ የሚጐበኝ ሰው የእነዚያን ልጆች ጡብ በዓይኑ ያያል።